ምስክር አይወርስም

ሃል የወደብ ከተማ ናት፤ ዝናቧም በአግድም ነው፤
የጠበቃው ቢሮ ከዓሣ ጨረታ ቤት ፎቅ ላይ ያረፈው፣
ወረቀቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
የሟች ቃል፣ የቤት ካርታ፣ የመርከበኛ ዕዳ አንድ ላይ ይተኛል።
እኔ ኤርነስት ፔኪት፣ የዚያ ቤት ጸሐፊ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ሀብት በብዕር አሳላፊ፣
በዚህ እጄ ስንቱ ሰዓት፣ ስንቱ ጀልባ፣
ከሙት ወደ ቋሚ ተሻግሮ ገባ።

አንዲት ግስ አለችን፣ ቢክዊዝ የምትባል።
በማዕድ ዙሪያ ስሟን ማን ያነሣል?
ጨው አቀብለኝ ሲል ማንም አይጠራትም፤
ለልደት፣ ለሠርጉ ስጦታ አትሸከምም።
ሰጪው በእግሩ ቆሞ፣ በእጁ የሰጠ እንደሆን
ሌላ ግስ ሞልቷል፣ አጭሩን፣ ቀላሉን።
እሷ ግን ጥግ ይዛ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣
ትጠብቃለች ሰው እስኪተኛ ላይነሣ።
በእሷ የሰጠን ሰው ማን ያመሰግናል?
«እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ባለቤቱ ሄዷል።
ጭነቷም ሁልጊዜ ወርቅና ቤት አይደለም፤
የአባቴን ሳል ከነዜማው፣ አፍንጫውን ከነቅርጹ
በእሷ ነው የወረስሁት፣ ያለ ቴምብር፣ ያለ ማኅተም።

ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አለኝ፤
የትውልድ ሐረጓን አንድ ምሽት ገልጬ አየሁኝ።
መነሻዋ ስጦታ አይደለም፤ ንግግር ናት።
ሥሯ ክዌዛን ነበር፣ «አለ» ማለት፣ «ተናገረ» ማለት።
ወረቀት ባልነበረ ዘመን፣ ብራናም ለመነኩሴ ብቻ፣
የሚሞት ሰው ጎረቤት ጠርቶ፣ ከአልጋው ዳርቻ፣
«ላሟ ለእገሌ፣ ማረሻው ለእገሊት» ካለ፣
ማለቱ ራሱ ነበር መስጠቱ፤ ቃሉ ወጣ፣ ዕቃው ተከተለ።
አንዲት እኅት ነበረቻት፣ ክዎዝ፣ እሷም «አለ» ነች፤
በድሮ ተረት ውስጥ አርጅታ ቀረች።
ይህችኛዋ ግን ጠበቃ ቤት ተቀጥራ ዳነች።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ዊኒፍሬድ ጋርሳይድ መጣች፤
የእኅቷ ልጅ ደግፋት፣ ደረጃውን በእግሯ ወጣች።
አርባ ዓመት በስልክ ማዞሪያ፣ ጆሮዋ ላይ ሽቦ ደፍታ
«ማንን ላገናኝ?» ስትል የኖረች፣ ጠዋትና ማታ።
ከተማው ፊቷን አያውቅም፣ ድምጿን ግን ያውቃል፤
መርከብ ሲዘገይ የመርከበኛ ሚስት በሌሊት ትደውል ነበር፣ ያን ድምፅ ለመስማት ያህል።
በገና ሰሞን ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈሰሰ፤
ቀኝ እጇም ምላሷም በአንድ ሌሊት ፈረሰ።

እንግዲህ አስቡት፦ ግሷ «አለ» ማለት ናት፤
ሴትዮዋ ግን የምትልበት አፍ የላት።

ዶሪንን፣ የእኅቷን ልጅ፣ ሕጉ ነውና ከደጅ አስቀመጥናት፤
የየዕቃውን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላት።
በግራ ጣቷ ጠቆመች፦
ባሮሜትሩ ለዓሣ አጥማጁ ለቶቢያስ፣ ከነስንጥቁ፤
የስፌት መኪናው ለዶሪን፤ ሁለቱ ወፎች ከነቤታቸው፣ ዕድሜያቸውን እስኪጨርሱ፣
ለደብዳቤ አመላላሹ።

ሲያበቃ አነበብሁላት፦ «እኔ ዊኒፍሬድ እሰጣለሁ፣ አወርሳለሁ…»
እጇን አነሣች፤ ቆምሁ። ደገምሁ። ደግማ አነሣች፤ ቆምሁ።
ስህተት መስሎኝ ቃሉን ልሰርዝ ብዕሬን ሳስጠጋ፣
ራሷን ነቀነቀች፤ ጣቷ ወደ አፌ ተዘረጋ።
ገባኝ። ቀስ በል ማለቷ ነው፤ በስልክ እንደሚነገር፣
ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማ፣ ባሕሩን እንዲሻገር።
ሦስተኛ አነበብሁት፤ እሷም ከንፈሯን ከቃሌ ጋር ገጥማ
ያለ ድምፅ አለችው፣ የወደቡ ጡሩምባ ብቻ ሲሰማ።

ከግርጌ ፈረምሁ። ምስክር ነኝ፤ ምስክር አይወርስም፤
ከዚያ ወረቀት የሳጥን ቁልፍ እንኳ አይደርሰኝም።
በሚያዝያ ሞተች። ወፎቹ ሄዱ። የቶቢያስ ባሮሜትር
ዛሬም «ዝናብ» ይላል፣ ፀሐይ ቢወጣ እንኳ፣ ሰማዩ ቢጠራ።
እኔም ስልክ ሲጮህ፣ «ጠበቃ ቤት» ልበል ብዬ ሳነሣ፣
«ማንን ላገናኝ?» ይላል አፌ፤
በሕጉ ፊት ይህ ስርቆት ነው። እስካሁን ግን የከሰሰኝ የለም።